ያቆማችሁበት ላይ አስምሩ

ወሬ እንደምወድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። አውቶቡስ ስጠብቅም ሆነ ወረፋ ስይዝ አጠገቤ የቆመውን ሰው ሳላናግር መለየት አይሆንልኝም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ሰው ካጣህ ከግድግዳም ጋር ዘመድ ታወጣለህ» ትለኛለች። ታዲያ ያን ሐሙስ ጠዋት ግራ ጉንጬ አብጦ፣ አፌን መክፈት ተስኖኝ ወደ ጥርስ ሐኪም ስሄድ እስከ በሩ ሸኘችኝና፣ «በል ደህና ዋል፤ ዛሬ እንኳ የሰው ጆሮ ይረፍ» አለችኝ። መልስ አላጣሁም ነበር። ያጣሁት አፍ ነው።

የሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ሰባት ወንበሮች፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ዓሣ የሌለበት የዓሣ ገንዳ። ካርድ የምታወጣው ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በየመሳቢያው መነጽሯን ትፈልጋለች። ተረኛው እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ አራት ሰው አለ። ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ በመጣ ቁጥር ሁላችንም እኩል እግራችንን እንሰበስባለን።

ጠረጴዛው ላይ ከነተቡት መጽሔቶች መሀል ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አየሁ። አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በየሐሙሱ ይቀየራል። ዋጋ የለውም። እንዴት ነው ብዬ አልጠይቃችሁም፤ ያቆማችሁበት ላይ ብቻ አስምሩ።» ከጠረጴዛው እግር ጋር በክር የታሰረ እርሳስ አለ።

ታሪኩ ስለ አንድ ቁልፍ ሠሪ ነው። ቁልፍ ጠፋብን ብለው የጠሩት ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ቤቱ እሱ ተወልዶ ያደገበት ሆኖ ያገኘዋል። ያ በር ከፍ አድርገው በትከሻ ገፋ ካደረጉት ያለ ቁልፍ እንደሚከፈት ያውቃል። ግን በአንድ ግፊት ከከፈተው የድሮ ቤቱ መሆኑ ሊታወቅበት ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን ዘርግቶ የከበደው ይመስል መታገል ይጀምራል። እዚህ ጋ ስደርስ የጥርሴን ሕመም ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ትንሽ ቀለል አለኝ ልበል።

ወረቀቱ ላይ ሦስት የእርሳስ መስመሮች አሉ። አንዱ ሰው ገና አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጥሎ ሄዷል። ሌላው የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ቆሟል። ሦስተኛው መስመር ግን የመጨረሻው ቃል ሥር ነው፤ ሁለቴ የተሰመረ።

ሁለተኛውን ገጽ እንደ ጀመርኩ በሩ ተከፈተና ካርድ የምታወጣዋ፣ «ባለመስመሯ መጣች!» አለች።

የገባችው አርባን የተጠጋች፣ አጠር ያለች ሴት ነች። ፀጉሯን በላስቲክ አስራዋለች፤ የጣቶቿ ጫፍ በፎቶ ኮፒ ቀለም ጠቁሯል፤ በክንዷ የፕላስቲክ ማኅደር ታቅፋለች። አዲሱን ወረቀት ልታስቀምጥ፣ አሮጌውን ልትወስድ ነው አመጣጧ። አሮጌው ግን እኔ እጅ ነው።

«ይጨርሱት ጋሼ፣ አልቸኩልም» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ጉንጬን በጣቴ አሳየኋት።

«መናገር አይችሉም? እሰይ!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች። «ይቅርታ ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። ማለቴ… መናገር የሚችል ሰው ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው ይለኛል። እርስዎ ግን ወይ ያሰምራሉ፣ ወይ አያሰምሩም።»

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ ዝም የምል ሰው ነኝ? የቀጠሮ ካርዴን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ «ለምን መስመር?» ብዬ ጻፍኩላት።

ካርዱን አየችው። «ረጅም ነው» አለች።

ካርድ የምታወጣዋ ከወዲያ ሆና፣ «ንገሪያቸው እንጂ፤ ሐኪሙ እንደሆን አንድ እምቢ ያለ ጥርስ ይዟል። ሰውዬው ከገባ አርባ ደቂቃው ነው» አለች። መነጽሯን አሁንም አላገኘችውም።

እንዲህ ሆኖ ነው የባለመስመሯን ታሪክ የሰማሁት። በሕይወቴ አንድ ቃል ሳላስገባ ያዳመጥኩት ወሬ ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

የምትሠራው ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው የሥራ ታሪክ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። የራሷንም ትጽፋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ። አንድ ጊዜ ከደሞዟ አጠራቅማ መጽሐፍ አሳተመች። አምስት መቶ ቅጂ።

«የገዛኝ ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው ነው» አለችኝ። «እምቢ ማለት ያልቻለ ሁሉ ገዛኝ። አንዷን የሥራ ባልደረባዬን ‹አነበብሽው?› ስላት፣ ‹ወይኔ! መጨረሻው ላይማ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ› አለችኝ። መጨረሻው ሠርግ ነው ጋሼ። ያውም ሙሽራው ሱሪው የተቀደደበት ሠርግ።»

ሳቅ ጉንጬን ወጥሮ ሊገድለኝ ነበር።

ነገሩን ያረመችላት ታላቅ እህቷ ናት። እታለም ነው የምትላት፤ ስሟን አንድም ጊዜ አልጠራችም። እናታቸው ስታርፍ ባለመስመሯ የአምስት ዓመት ልጅ፣ እታለም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረች። እታለም አንድ ሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል ገብታ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ አንሶላ ተኮሰች። ታናሿን አስተማረች፣ አስመረቀች፣ ሥራ አስያዘች፤ ከዚያ ወገቧ ከዳት። አልፎ አልፎ በምርኩዝ ከመነሣት በቀር፣ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ዋለች። መጋረጃውን ከፍታ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ትላለች፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ኮፍያውን እያነሳ፣ አንገቱን እየሰበረ ያልፋታል። በሰፈሩ የሚታወቀው ነገር እህቷን ለማሳደግ ብላ ትዳር እምቢ ያለች ሴት መሆኗ ነው።

«ያን ዕለት ስለ መጽሐፌ ሳማርርላት፣ ‹ሰዉን ለምን ታስጨንቂዋለሽ?› አለችኝ። ‹አንብበሃል ወይ ማለት በልተሃል ወይ እንደማለት ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው ሳይበላም በልቻለሁ ነው የሚል።› ‹አንቺስ?› አልኳት። ‹እኔማ ተኛሁበት› አለችኝ። ‹እታለም! የት ላይ?› ስላት አንሶላ ላይ ቁጥር ትጽፍበት የነበረችውን እርሳስ አነሳች፤ መጽሐፉን ገለጠች፤ ገጽ አርባ አንድ ላይ መስመር አሰመረች። ‹እዚህ ጋ ጥለሽኝ ሄድሽ› አለችኝ።»

ገጽ አርባ አንድን ደግማ አነበበችው። እውነትም እዚያ ገጽ ላይ የምትናገረው አጥታ ስለ አየሩ ጠባይ ጽፋለች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ለሰው መሸጥ ተወች። በፎቶ ኮፒ ቤቱ የተበላሹ ወረቀቶች ይጣላሉ፤ ባለቤቱን አስፈቅዳ ንጹሕ ጀርባ ያላቸውን ወሰደች። በየሳምንቱ አንድ አጭር ታሪክ፣ ሁለት ገጽ። ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቦታ መረጠች፤ ፀጉር ቤት፣ ጎሚስታ፣ ልብስ ሰፊ፣ ይህ ጥርስ ሐኪም፤ ባጠቃላይ ዘጠኝ ቦታ። የመጀመሪያዋ ቅጂ ግን ሁልጊዜ እታለም ትራስ ጎን ነው የምትቀመጠው።

«ስጀምር መሳቂያ ነበርኩ። አንዱ አንባቢ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ የነበረውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ አንብቦ ኖሮ፣ እሱን እስከ መጨረሻው አስምሮልኝ አገኘሁት። ጎሚስታው ደግሞ ታሪኩ ሲላላበት ‹ባለመስመሯ፣ የዛሬው ጎማ ተንፍሷል› ይለኛል። ግን ጋሼ፣ በሁለተኛው ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ወረቀቱን ፈልገው የሚመጡ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩኝ። ማንም ሳይለምናቸው! አንድ የሥራ ታሪኩን ላስተይብ ብሎ የመጣ ሰውዬ ‹በሁለት ቀን አሥር ሺህ ተከታይ በስልክሽ አመጣልሻለሁ› ቢለኝ ለእታለም ነገርኳት። ‹ለመሆኑ ማንበብ ይችላሉ?› አለች።»

ካርድ የምታወጣዋ ከወዲያ ሳቀች። ይህን ቀልድ ከዚህ በፊት ሰምታዋለች መሰለኝ፤ ግን ሳቀች። ባለመስመሯ ግን አልሳቀችም። ማኅደሩን ከክንዷ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

«ሃያ ሦስት ሰው አነሰኝ» አለች።

 

በሦስተኛው ዓመት መስመሮቹ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ሰው እየሰለቻት ነው። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አንድ ቀሩ። በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ የእታለምን ፀጉር እያጠበችላት ነበር፤ ሳህኑ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ፎጣው አንገቷ ሥር። ባለመስመሯ በድንገት ሆድ ባሳትና፣ «በኔ ምክንያት ነው ያለ ትዳር የቀረሽው» አለቻት። ይህን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ድንጋይ ተሸክማው ኖራለች። እታለም ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣ አረፋው ግንባሯ ላይ እየወረደ፣ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረቻት።

«ምን እንዳለችኝ አልነግርዎትም ጋሼ። አንዴ ነግሬው አይቻለሁ። ብቻ ሰፈሩ እንደሚያወራው አልነበረም። ጥፋቱ የኔ አልነበረም። ይህን እንዳውቅ ብላ፣ ያ ድንጋይ ከላዬ እንዲወርድ ብላ ነው የራሷን ክብር አውልቃ የሰጠችኝ። ‹ካንቺ እንዳይወጣ› አለችኝ። ‹በሞትኩት› አልኳት።»

እጇን አየችው። የጠቆረውን ጣቷን በሌላው ጣቷ አሸት አደረገችው።

«ረቡዕ ዕለት ጻፍኩት።»

ስሟን አልጻፈችም። ዕድሜዋን ቀየረች፤ ሥራዋን ቀየረች። አንድ ነገር ብቻ አልቀየረችም። ቁም ሳጥናቸው አናት ላይ መቆለፊያው የተሰበረ አረንጓዴ ሻንጣ አለ፤ በመጋረጃ ገመድ ታስሮ የሚኖር። እታለም በነገረቻት ታሪክ ውስጥ ያ ሻንጣ አለ። ባለመስመሯ ሻንጣውን ከነገመዱ ጻፈችው።

«ልቀይረው ሞከርኩ፤ እውነት እላለሁ። ቡናማ አደረግኩት፣ ቀበቶ አሰርኩለት። ታሪኩ ሞተ። መልሼ አረንጓዴ ሳደርገው ተነሣ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አተምኩት።»

ያን ሳምንት ወረቀቶቹ ከዘጠኙም ቦታ መጨረሻው ላይ ብቻ ተሰምረው ተመለሱ። ጎሚስታው በዘይት እጁ ወረቀቱን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጣና «ቀጣዩስ?» አላት። ስለዚህ ቀጠለችው። በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኙ ቦታ ሃያ ሆነ፤ በሦስተኛው ሰዎች እየለመኑ ወሰዱ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት የተበላሸ ወረቀት አልበቃ ሲላት አይቶ አዲስ ፈቀደላት። ሦስት መቶ ሰው አነበባት። ማታ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ እንባ ያቀረሩ ሴቶች እጇን ይዘው ያቆሟታል።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል» አለችኝ። «እኔ በሰው አንጀት ነበር ያለቀስኩት።»

ካርዴ ላይ «እታለምስ?» ብዬ ጻፍኩ።

«እሱን ነው የማልወጣው» አለች። «ለእሷ ሌላ ታሪክ አትምላት ነበር። አንድ ቅጂ፣ ለአንድ አንባቢ። ስለ አንዲት ድመት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ድመት ጻፍኩላት። እሷም ታሰምርልኝ ነበር፤ ‹ይቺ ድመት እኮ ምንም አትሠራም፤ ሰሞኑን ሐሳብሽ የት ነው?› እያለች። ጋሼ፣ በዓለም ላይ ይሉኝታ የማታውቅ፣ እውነቱን የምትነግረኝ አንዲት አንባቢ ነበረችኝ። የዋሸሁት እሷን ነው። ሰው የጥፋቴን ነገር ሲሰማ ምስጢሯን ማውጣቴ ነው የሚከብደው። እኔን ግን ድመቷ ናት የምትበላኝ።»

ክፉ የሚባል ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ጎረቤታቸው የሆነችው ልብስ ሰፊ እታለምን ልትጠይቅ ስትመጣ ሦስተኛውን ወረቀት ይዛ መጣች። «እህትሽ ጉድ ሠርታለች፤ ሰፈሩን በሙሉ አስለቀሰችው እኮ! አንቺ አላየሽውም?» ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችላት። በደስታ ነው ያነበበችላት። ሻንጣው ጋ ስትደርስ፣ መጋረጃ ገመዱ ጋ፣ ቀና ብላ ቁም ሳጥኑን አየች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው። እታለም እጇን ዘርግታ «ወረቀቱን አምጪው፤ ያቺን እርሳስም» አለቻት።

«ከሥራ ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ‹ገመዱን ሦስት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችው› የሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር መስመር ተሰምሯል። ቀጥ ያለ መስመር።   ‹እታለም› አልኳት። ‹እ?› አለች። ‹እኔ…› አልኩ። ‹ሾርባሽ ይቀዘቅዛል› አለችኝ።»

በማግስቱ ባለመስመሯ ሥራ አልገባችም። በሃያውም ቦታ እየዞረች ወረቀቷን ሰበሰበች፤ በየበሩ «ይህ ታሪክ የኔ አልነበረም። አይቀጥልም። ይቅርታ» የሚል ለጠፈች። ሰው ተቆጣ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደ ያዘ፣ «ቢያንስ መጨረሻው ምን እንደሆነ ንገሪና ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት። አልተናገረችም። ሦስት መቶው ሰው እንደ መጣው ሄደ። ግን የወጣ ነገር አይመለስም፤ ሰፈሩ ሻንጣውን ያውቀዋል። ለእታለም አንገቱን ይሰብር የነበረው ሁሉ አሁን በሐዘኔታ ያያት ጀመር። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ መጡ። እታለም ሐዘኔታን ከቆሻሻ ልብስ ለይታ አታይም ነበር። መጋረጃውን ዘጋችው።

«‹ይቅር በይኝ› አልኳት። እግሯ ሥር ወድቄ። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ምን አደረግሽኝና?› ብትሰድበኝ ምናለ? ብትመታኝስ? ‹ምን አደረግሽኝና› አለችኝ፤ ትራሷን እያስተካከለች።»

ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ መጣ። እኔ እግሬን መሰብሰብ ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ ለእታለም ብቻ መጻፍ ጀመረች። ሌላ አንባቢ የላትም። በየሐሙሱ አንድ ወረቀት ትራሷ ጎን ታስቀምጣለች፣ ከእርሳሱ ጋር። በየዓርቡ እታለም መልሳ ትሰጣታለች። መስመር የለውም። እጥፋቱ እንኳ አልተገለጠም።

«‹ያው ወረቀትሽ› ትለኛለች። ‹ለሌላ ሰው ስጪው፤ አይባክን።› ‹አላነበብሽውም እታለም?› ስላት ‹ዓይኔ ደከመ› ትላለች። ጋዜጣ ታነባለች እኮ ጋሼ! የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ ያቺ ለማንም የማትታየውን፣ ታነባታለች። በሌላው ነገር ሁሉ እህቴ እንደሆነች ናት። ‹ካፖርት ልበሺ› ትለኛለች። ‹ከሳሽ› ትለኛለች። እንስቃለን እንኳ። ወረቀቱን ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ሐሙስ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። እያንዳንዷን ቃል ይቺኛዋ ታስነብባት ይሆን እያልኩ። አንድ መስመር ብቻ ነበር የፈለግኩት። የመጀመሪያው ቃል ላይም ይሁን። ‹እዚህ ጋ ሰለቸሽኝ› ትበለኝ።»

 ካርድ የምታወጣዋ ተነሥታ ውኃ አመጣችላት፤ ለእኔም ረስታ አመጣችልኝ፤ አፌ እንደማይከፈት ሲገባት ራሷ ጠጣችው።

«ሠላሳ ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ወረቀት አላተምኩም» አለች ባለመስመሯ። «ረቡዕ ዕለት አረፈች።»

ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው። ገመዱ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ እንደ ታሰረ ነው። በውስጡ የጠበቀችው ልብስ ነበር። ያገኘችው ወረቀት ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ጥግ ለጥግ ተገጣጥሞ። በዚያ ወገቧ ሻንጣውን እንዴት እያወረደች እንደምትመልሰው እግዜር ይወቅ። ሁሉም ላይ መስመር አለ። የድመቷ ሦስት ወረቀቶች አሉ። ከላይ የተቀመጠችው ያቺ ናት፤ ገመዱ ላይ የተሰመረባት። ከእሷ በኋላ ምንም የለም።

«ምናልባት ከሥር ይሆናል ብዬ ሽፋኑን ቀድጄ አየሁ» አለችኝ። «አልነበረም።»

አሁንስ? አሁን እንደገና በዘጠኝ ቦታ ታስቀምጣለች። አንድ ዓመት አልፏታል። አሥራ ስድስት አንባቢ አላት፤ እሷ አንባቢ የምትለው ሁለተኛ ሐሙስ የመጣውን ነው፤ አንዴ ያነበበ እንግዳ ነው ትላለች። ማንንም «ላክልኝ፣ አስተዋውቅልኝ» አትልም። ሐሙስ ሳታዛንፍ ትመጣለች፤ መስመሩን ታያለች፤ ቤቷ ገብታ ሰው የተሰላቸበትን ቦታ ደግማ ታነባለች፤ የሌላ ሰው የሆነ ነገር ከገባባት ታወጣዋለች፤ ታሪኩ ቢሞትም። «በዝግታ ነው» አለችኝ። «አንድ አንድ ሰው። በዚህ አያያዝ ሦስት መቶ እስኪሞላ እኔም ጥርሴ ያልቃል፤ እዚሁ ነው የምንገናኘው።» ቁልፍ ሠሪው ላይ ሁለቴ የተሰመረውን መስመር በጣቴ አሳየኋትና የማነው በሚል ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ካርድ የምታወጣዋ ከወዲያ፣ «እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ፣ እዚሁ እውላለሁ» አለች፤ መነጽሯንም ያን ጊዜ ግንባሯ ላይ አገኘችው።

ካርዴ ላይ የቀረችው ቦታ የጣት ጥፍር ታክላለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው እኔ ሰምቼ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም፤ ያን አውቃለሁ። ስለዚህ «ብጽፈውስ?» አልኳት።

ካርዱን መለሰችልኝ። «የኔን ጥፋት ይጻፉ» አለች። «የእሷን ነገር አልነገርኩዎትም።»

የሐኪሙ በር ተከፍቶ ስሜ ተጠራ። እምቢ ያለው ጥርስ ተሸንፏል መሰለኝ፤ ባለቤቱ ጉንጩን ይዞ ወጣ። ተነሣሁ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ከሁለተኛው ገጽ አናት አላለፍኩም፤ እሷ ስትገባ ያቆምኩት እዚያው ነበር። ግን ያቺ ሴት ያን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ እንዴት ብዬ ነው? ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኔንም ወልዶ አሳድጎኛል። ጉንጬን በእጄ ደግፌ፣ ጠዋት ከተነሣሁ የመጀመሪያ የሆነውን ቃሌን አወጣሁ።

«ግሩም… ነው…» አልኩ።

አየችኝ። አልተቆጣችም። ወረቀቱን ልትቀበለኝ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች፤ አዲሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እርሳሱን ከክሩ ፈታችና እጄ ላይ አስያዘችኝ።

«ይውሰዱት፤ ሳምንት ለክትትል ሲመጡ ይመልሱልኛል» አለችኝ። «አራተኛው ቃል ላይም ቢሰለቹ አይጨነቁ ጋሼ፤ ያሰምሩበት። ባዶውን ብቻ አይመልሱልኝ።»